በሽታ የሚገባባቸው በሮችና ጠባቂዎቻቸው፦ በይፋት ቆላ ለዶሮ፣ ለጥጃና ለፍየል አርቢዎች

በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው፣ ይኸውም ከቀወት ጀምሮ በጀውሃ፣ በሰንበቴና በአጣዬ በኩል ባለው የይፋት ቆላ፣ ገበሬው ማሽላና ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት ከማምረቱም ሌላ ከብት፣ ፍየልና ዶሮ ያረባል፤ ወደ አፋር ወሰን በተጠጋው በኩልም ግመል አለ። የእንስሳት በሽታ በተነሣ ቁጥር የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «መርፌው መቼ ይመጣል?» የሚል። መርፌ ጠቃሚ ነገር መሆኑን አንክድም። ሆኖም መርፌ ቆዳን በስቶ ይገባል እንጂ አብዛኛው በሽታ በቆዳ በኩል አይገባም። በአፍንጫ፣ በአፍ፣ በዓይን፣ በአንጀት፣ በጡት ጫፍና በማሕፀን በር በኩል ይገባል። የእነዚህ በሮች ጥበቃ እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ሠራተኛ፣ ክትባቱ ለምን በዓይን እንደሚንጠባጠብ፣ እንገር ለምን ሳይውል ሳያድር መጠጣት እንዳለበት፣ የዶሮ ማደሪያ ለምን አየር ሊያገኝ እንደሚገባ ለአርቢው ከልብ ሊያስረዳው ይችላል። ምክንያቱን ያልተረዳ አርቢ የተነገረውን ለአንድ ወቅት ብቻ ሠርቶ ይተወዋል።

ልስልሱ ሽፋን

ቆዳ ደረቅና ወፍራም ነው። ካልቆሰለ ወይም መዥገር ካልበሳው በስተቀር ጥቂት ተዋሲያን ብቻ ያልፉታል። የአፍንጫ፣ የአየር ቧንቧ፣ የሳንባ፣ የአፍ፣ የጨጓራና የአንጀት ውስጠኛ ገጽ ግን እንዲህ ሊሆን አይችልም። ሳንባ አየር ማስገባት፣ አንጀትም ምግብ መምጠጥ ስላለበት ሽፋኑ ስስና እርጥብ ሆኖ ተሠርቷል። ስፋቱም ቀላል አይደለም፤ የአንድ በሬ አንጀት እጥፋቱና ጥቃቅን ጣት መሰል ቅጥያዎቹ ሁሉ ተዘርግተው ቢለኩ የቆዳውን ስፋት ብዙ እጥፍ ያህላሉ። ስለዚህ የእንስሳው አካል ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝበት ትልቁ ድንበር ጀርባው ሳይሆን ሆዱና ደረቱ ውስጥ ያለው ነው።

አንጀት አጥባ የምታውቅ ሴት ሁሉ የውስጡን አዝለግላጊ ፈሳሽ ታውቀዋለች። ሲታይ ቆሻሻ ይመስላል፤ ሥራው ግን የመጀመሪያው አጥር መሆን ነው። በአፍንጫና በአየር ቧንቧ ውስጥ ንፍጥ የምንለው ከዚሁ ወገን ነው። አቧራና ተዋሲያን በዚህ ፈሳሽ ላይ ይጣበቃሉ። ከፈሳሹ ሥር ደግሞ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች በሴኮንድ ከ10 ጊዜ በላይ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተወዛወዙ የተጣበቀውን ሁሉ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ እዚያም እንስሳው ይውጠዋል ወይም አስሎ ያወጣዋል። ይህ ሥራ ሌሊትና ቀን አያቋርጥም።

የሚያቆሙት ነገሮች ግን በየቤቱ አሉ። ዶሮዎች በሚያድሩበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኩሳቸው ተጠራቅሞ ሲረጥብ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ ጋዝ እነዚያን ፀጉር መሰል ነገሮች ያሽመደምዳቸዋል፤ ቆየት ሲልም ያረግፋቸዋል። የማገዶ ጢስም እንደዚሁ ነው። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማለዳ በሩ ሳይከፈት ገብቶ ዶሮዎቹ በሚያድሩበት ቁመት ልክ ጎንበስ ይበል፤ ዓይኑን ከቆጠቆጠው ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ውስጥ አድረዋል ማለት ነው። ኩሱን በየጊዜው ጠርጎ ደረቅ አመድ ወይም ገለባ መነስነስና ከቆጡ በላይ የአየር መውጫ መተው ብዙ ወጪ የለውም።

ሁለተኛው የቆላችን ጠላት የውኃ ጥም ነው። ሰውነቱ የደረቀ እንስሳ ንፍጡም ይወፍርና አይንቀሳቀስም። ፍየሎችን ያለ ውኃ በቀትር እስከ ሰንበቴ ገበያ ነድቶ፣ ሳይሸጡ ሲቀሩም መልሶ መንዳት የተለመደ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳል ሲጀምራቸው «ከገበያ በሽታ ይዘው መጡ» ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሳንባን ከሚያቆስሉት ባክቴሪያዎች ጥቂቶቹ በጤነኛ ፍየልና በግ ጉሮሮ ውስጥ ጉዳት ሳያደርሱ የሚኖሩ ናቸው፤ ወደ ሳንባ የሚወርዱት ጥበቃው በድካም፣ በጥምና በአቧራ ሲላላ ነው። ከጉዞ በፊትና በኋላ ውኃ ማጠጣት፣ በቀትርም ጥላ ሥር ማሳረፍ ከመድኃኒት የሚቆጠር ነው።

በፈሳሹ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች

እንባ፣ ምራቅና ንፍጥ ውኃ ብቻ አይደሉም። በእነዚህ ውስጥ ላይሶዛይም የሚባል የባክቴሪያን ቅርፊት የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አለ። ይህን ያገኘው እስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሲሆን ግኝቱን በጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ መነሻ የሆነውም የአፍንጫ ንፍጥ ነበር። ይኸው ሰው ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ለማግኘት በቅቷል። ከዚህም ሌላ የጨጓራ ኮምጣጣነት ብዙ ተዋሲያንን ይፈጃል። የአንጀት ሽፋን ራሱ በየጥቂት ቀኑ አርጅቶ እየተላጠ በአዲስ ይተካል፤ የተጣበቀበትንም ተዋሲያን ይዞ ይወጣል። በአንጀት ውስጥ የሰፈሩ የማይጎዱ ባክቴሪያዎችም ቦታውንና ምግቡን ስለያዙ ለመጤው ማረፊያ አይተዉለትም። ተቅማጥ በታየ ቁጥር ከሱቅ በተገዛ የአንቲባዮቲክ ዱቄት ጥጃን ማከም የማንደግፈው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ ዱቄቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንቲቦዲ የሚባለው ነው። አንቲቦዲ አካል አንድን ተዋሲ ካየው በኋላ ለዚያ ተዋሲ ብቻ የሚሠራው ጠባቂ ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወር አለ፤ ወደ ልስልሱ ሽፋን ወጥቶ በንፍጥ፣ በእንባና በአንጀት ፈሳሽ ውስጥ የሚቆምም አለ። ይህን የኋለኛውን ባለሙያዎች አይ-ጂ-ኤ ይሉታል። ሥራው ተዋሲው ሽፋኑን ከመንካቱ በፊት ይዞ ማሰርና ከንፍጡ ጋር ጠርጎ ማውጣት ነው። የደሙ አንቲቦዲ ግን በአብዛኛው የሚደርሰው በሽታው በሩን ሰብሮ ከገባ በኋላ ነው።

ለሠራተኞቻችን ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የበር ጠባቂ ሥራውን የሚማረው ከበሩ ላይ ነው። ሽፋኑ ሥር ያሉት ሕዋሳት ተዋሲውን በቦታው ሲያዩት አንቲቦዲውን ለዚያው ቦታ ያዘጋጃሉ። በመርፌ ከቆዳ ሥር የገባ ክትባት ደሙን ያስታጥቃል፤ የአፍንጫንና የአንጀትን በር ግን እምብዛም አያስታጥቅም። ለሕፃናት የፖሊዮ ጠብታ በአፍ የሚሰጠው ስለዚህ ነው፤ የፖሊዮ ቫይረስ የሚገባውና የሚራባው በጉሮሮና በአንጀት ነውና። በየቀበሌው ጠብታውን ያላየ እናትና አባት ስለሌለ፣ የዶሮውን ጉዳይ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ይህ ሲባል የመርፌ ክትባት ዋጋ የለውም ማለት እንዳልሆነ በግልጽ መነገር አለበት። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የአፍን፣ የአፍንጫንና የአንጀትን ሽፋን እያቆሰለ የሚፈጅ ነበር፤ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892፣ የአገሪቱን ከብት የጨረሰው እርሱ ነው። ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወጀው በመርፌ በተሰጠ ክትባት ነው። በሽታው አንዴ በሩን ካለፈ በኋላ በደም ውስጥ ስለሚሰራጭ የደሙ አንቲቦዲ ሊያስቆመው ይችል ነበር። የደስታ መሰሉ የበግና የፍየል በሽታም በዚሁ መንገድ በመርፌ ይከላከሉታል፤ ስለዚህ የፍየሉ መርፌ ሲመጣ ማንም ወደኋላ እንዳይል። ከደስታ ዘመቻ ለእኛ የሚጠቅም ሌላም ትምህርት አለ። በጎረቤታችን በአፋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሙቀት የሚችለውን የደስታ ክትባት ይዘው ከብቱ ወዳለበት የዘለቁት ከማኅበረሰቡ የተመረጡና የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። የበረዶ ሳጥን በማይደርስበት ቆላ ሥራው በእነርሱ ተሠራ።

ፈንግልና የዓይን ጠብታው

ፈንግል በፈረንጅኛ ስሙ ኒውካስል የሚባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው በሽታው እ.ኤ.አ. በ1926 ከታየባት የእንግሊዝ ከተማ ነው። በአካባቢያችን ምን እንደሚያደርግ መግለጽ አያስፈልግም። ዛሬ አንዷ ዶሮ አንገቷን ቆልምማ፣ ክንፏን ጥላ፣ አረንጓዴ ኩስ እየጣለች ትታያለች፤ በሳምንት ውስጥ ቆጡ ባዶ ይሆናል። ክትባት ባልደረሰበት ቤት አንድም ሳይቀር ሊያልቅ ይችላል። የዶሮ ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው የባለቤቷ የሴቲቱ ገንዘብ ነው፤ ደብተርና ጨው የሚገዛበት፣ ለድንገተኛ ሕመም የሚወጣ ነው። ለፋሲካ ትሸጣለች ተብላ ስትጠበቅ የኖረች ዶሮ በዋዜማው ስትሞት የሚጎድለው ወጥ ብቻ አይደለም።

ቫይረሱ በመተንፈስና በመብላት ይገባል። የሚመጣውም በገበያ ዶሮ፣ በኩስ በተበከለ ጫማና ቅርጫት ነው። አርቢዎች እንደሚያውቁት በሽታው የሚበረታው ዝናብ በሚጀምርበትና ለበዓል ዶሮ ከገበያ ወደ ገበያ በሚጓጓዝበት ወቅት ነው።

ዶሮ እንደ በሬና እንደ ሰው ዕጢዎች በየቦታው የሏትም። በምትኩ ከዓይኗ ኳስ ጀርባ አንድ ዕጢ አላት፤ በውስጡም አንቲቦዲ የሚሠሩ ሕዋሳት ተከማችተዋል። በዓይኗ ላይ የተንጠባጠበ ክትባት መጀመሪያ ይህን ዕጢ ያገኛል። ቀጥሎም በእንባ መውረጃው ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫም ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። አንዲት ጠብታ ፈንግል የሚገባባቸውን በሮች ሁሉ ትዳስሳለች ማለት ነው። በውስጧ ያለው ሕያው፣ ነገር ግን የማይገድል ቫይረስ ስለሆነ በሽፋኑ ላይ ጥቂት ይራባና ሕዋሳቱን ያስተምራል። የሞተ ወይም በሙቀት የተበላሸ ክትባት ግን ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ እንደ ተራ ውኃ ነው።

በቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ከሚዘጋጁት የፈንግል ክትባቶች ኤች-ቢ-ዋን የሚባለው ለጫጩት በዓይን፣ ላሶታ የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመጠጥ ውኃ ይሰጣል። ሁለቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። ሦስተኛው አይ-ቱ የሚባለው በአውስትራሊያ ለገጠር ዶሮ ታስቦ የተዘጋጀና ሙቀት የሚችል ዝርያ ነው። የደረቀው ክትባት በ28 ዲግሪ እስከ 8 ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል ተረጋግጧል። የሸዋ ሮቢት ቀትር ግን ከ28 ዲግሪ እንደሚያልፍ መርሳት አይገባም። ሙቀት ይችላል ማለት ፀሐይ ላይ በሞተር ብስክሌት ኮርቻ ሥር ይውላል ማለት አይደለም። ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በቅርጫት፣ በጥላ መያዝ ያስፈልጋል። ለተበተነ መንደር እኛ የምናስቀድመው አይ-ቱን ነው። በውኃ የሚሰጠው ለትልቅና ለተዘጋ የዶሮ እርባታ ይመቻል፤ በየጓሮው የምትጭር ዶሮ ግን ክትባቱ ካለበት ውኃ ይልቅ ከመስኖው ቦይ ልትጠጣ ትችላለችና ማን እንደተከተበች ማወቅ ያስቸግራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዶሮዎች ከቆጥ ሳይወርዱ ማለዳ ወይም ከሰፈሩ በኋላ ማታ መያዝ ይሻላል፤ ቀን ማሳደድ እነርሱንም ሰውንም ያደክማል። አንድ ሰው ዶሮዋን በጎን አስተኝቶ ይይዛል፤ ሌላው ማንጠብጠቢያውን ቀጥ አድርጎ ይዞ አንድ ጠብታ በአንድ ዓይን ላይ ይጥላል። ማንጠብጠቢያው ካዘነበለ ጠብታው ያንሳል፤ አረፋ ከገባበትም እንደዚሁ። ጠብታው ዓይኗ ላይ ተዘርግቶ ዓይኗን እስክትጨፍንና እስክትገልጥ ድረስ መጠበቅ ግዴታ ነው። ቶሎ ከተለቀቀች ራሷን ነቅንቃ ታራግፈዋለች፤ በመዝገብ ግን ተከተበች ተብላ ትጻፋለች። ጫጩቷም፣ ቄቧም፣ አውራውም የሚያስፈልጋቸው ያው አንድ ጠብታ ነው።

የታመመችን ዶሮ መክተብ አይጠቅምም። ፈንግል በመንደሩ ከገባ በኋላ መክተብም እንዲሁ የዘገየ ሥራ ነው፤ መከላከያው እስኪጠነክር 2 ሳምንት ያህል ይፈልጋልና። በዚያ ጊዜ ያልታየበት ቀጣዩ መንደር ላይ ማተኮር ይበጃል። ከተከተቡት ጥቂቶች ሲሞቱ ደግሞ «ጠብታው ገደላቸው» የሚል ወሬ ይነሣል፤ ሠራተኛው ይህን አስቀድሞ ይንገር።

በበሩ ላይ የሚቆመው መከላከያ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይደክማል። ስለሆነም በየ4 ወሩ መድገም ያስፈልጋል። ለአካባቢያችን በነሐሴ አጋማሽ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያና በሚያዝያ መጀመሪያ ቢሆን እንመክራለን፤ የመጀመሪያው ከእንቁጣጣሽ፣ ሁለተኛው ከገና፣ ሦስተኛው ከክረምቱ መግቢያ በፊት ያደርሳል። ፋሲካ ቀደም ብሎ በሚውልበት ዓመት ሦስተኛውን ወደ መጋቢት መጀመሪያ መሳብ ነው።

እዚህ ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚና ይመጣል። የአንድ ብልቃጥ ክትባት ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ አንድ ቤት ግን ያለው አምስት ወይም ስምንት ዶሮ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ስለዚህ ለብቻው የሚገዛ አርቢ ገንዘቡን ይደፋል፤ ሃያ ቤት አንድ ላይ ሲሆን የአንዷ ዶሮ ድርሻ በጣም ትንሽ ይሆናል። ማኅበሩ ከቀኑ በፊት ዶሮ ቆጥሮ፣ ድርሻውን ሰብስቦ፣ ብልቃጡን አስመጥቶ፣ የሚያንጠባጥቡ ሁለት ሦስት ሰዎች ቢያሠለጥን ሥራው በአንድ ማለዳ ያልቃል። ከሚሠለጥኑት ሴቶች ቢበዙ እንመርጣለን። በብዙ ማኅበር መዝገብ ላይ የሰፈረው የባል ስም ነው፤ ስብሰባም የሚጠራው እርሱ ነው። ዶሮዋን የምታውቀው፣ ጫጩት የት እንደተደበቀ የምትነግረው ግን እርሷ ስለሆነች፣ እርሷ ያልሰማችው የክትባት ቀን ከግማሽ በላይ ዶሮ እንዳመለጠው ይቆጠር።

እንገር

ጫጩት ከእናቷ የምታገኘው አንቲቦዲ በዕንቁላሉ አስኳል በኩል ነው። የሰው ልጅም ገና በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ደም ያገኛል። ጥጃ፣ ግልገልና የግመል ግልገል ግን ሲወለዱ ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ የእናታቸው ማሕፀን አንቲቦዲን አያሳልፍምና። ሁሉንም የሚያገኙት ከእንገር ነው። አዲስ የተወለደ ጥጃ አንጀት ለጥቂት ሰዓታት ክፍት በር ነው፤ የእንገሩን አንቲቦዲ ሳይፈጭ እንዳለ ወደ ደም ያሳልፈዋል። ከ6 ሰዓት በኋላ በሩ መጥበብ ይጀምራል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚጠጣ እንገር የአንጀቱን ገጽ እየሸፈነ ጥቂት ይጠቅማል እንጂ ወደ ደም አይገባም።

አንዳንድ አርቢ የመጀመሪያውን እንገር «ወፍራም ነው፣ ጥጃውን ያስቀምጠዋል» በማለት አልቦ ይደፋል ወይም ለቤት ይወስዳል። በግመል አርቢዎች ዘንድም የሚያፈሱ አሉ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባናል፤ ጥጃው በተወለደ ሳምንት ተቅማጥ ይይዘዋልና ጥፋቱ ለእንገሩ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ተቅማጡን የሚያመጡት ከበረቱ ጭቃና ካልታጠበ ጡት የሚገቡ ተዋሲያን ናቸው፤ እንገሩ የሚከላከለውም እነርሱን ነው። ጥጃው በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ መጥባት ይጀምር። 20 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት 2 ሊትር ያህል ማግኘት ይገባዋል። መቆም ያቃተውን አልቦ በንጹሕ ዕቃ ማጠጣት ነው። ለቤት የሚፈለገው እንገር ከሁለተኛው ቀን ቢወሰድ ማንም አይጎዳም፤ ሽማግሌዎችም በዚህ ሲስማሙ አይተናል።

በበጋ የሚሳሳው ሽፋን

ልስልሱ ሽፋን እርጥብ ሆኖ እንዲኖር ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል። ይህ ሲጎድል ሽፋኑ እንደ ቀንድ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ዶሮ ላይ ዓይን ማበጥና መጣበቅ፣ በጉሮሮም ነጫጭ ነጠብጣብ ይታያል። ነጭ ማሽላና የደረቀ አገዳ ይህን ቫይታሚን አይሰጡም ለማለት ይቻላል። ከብት በክረምት ከለምለም ሣር ያገኘውን በጉበቱ ያከማቻል፤ ስንቁ ግን ከሦስት አራት ወር በላይ አይዘልቅም። መስኖ ባለበት በሮቢ ወንዝ ዳር አልፋልፋ፣ ሌላ ቦታም የሽፈራው ቅጠል በየጓሮው ማብቀል ይቻላል። ለዶሮ በቀን አንድ እፍኝ የተከተፈ አረንጓዴ ቅጠል ይበቃል።

የሠራተኛው የራሱ ዓይን

የፈንግል ክትባት በሰው ዓይን ከገባ ለጥቂት ቀናት ሊያቀላ ይችላል፤ ከባድ አይደለም፣ ነገር ግን ሲያንጠባጥቡ ዓይን አለማሸት ነው። ከዚህ እጅግ የሚከፋው ውርጃ ነው። ላም፣ ፍየል ወይም ግመል ስትጨነግፍ የሚወጣው ፈሳሽና የእንግዴ ልጅ ብሩሴሎሲስ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም ያልቆሰለ ዓይንና አፍን ሳይቀር አልፎ ወደ ሰው ይገባል፤ ሳይፈላ በሚጠጣ ወተትም እንዲሁ። የጨነገፈውን በባዶ እጅ የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ እረኞችና ሴቶች ናቸው። በላስቲክ እጅን ሸፍኖ አንሥቶ፣ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቀብሮ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ላስቲኩም አብሮ ይቀበር።